የእናቴ ስኳር 34 ነበር፣ ኤምአርአዩ ግን ስትሮክ ይላል፤ የትኛውን እንመን?

የአዘዞዋ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ጉዳዩ የእናቴ ነው፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት ቆይቷል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች፣ ለግፊቷ ደግሞ ኢናላፕሪል አላት። በጾም የመጣባትን ሰው አትሰማም። በፍልሰታ ሌሊት ለሰዓታት ትነሳለች፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ አትቀምስም። ኪኒኗን ግን አታቋርጥም፤ ሐኪም ያዘዘው ነው ብላ ማታ ማታ ትውጠዋለች። በዚያ ሰሞን ሆዷን እያመማት ስለነበር የማታው ምግብም እንደ ነገሩ ነበር፤ ጥቂት ሽሮ፣ አንዳንዴም ሻይ ብቻ።

አንድ ቀን ንጋት ላይ ለቤተ ክርስቲያን ሳትነሳ ቀረች። እህቴ ልትቀሰቅሳት ስትገባ ቀኝ እጇ ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል፣ አፏ ወደ ግራ ተጣሟል። ዓይኗ ተከፍቶ ታየናለች፣ ስናናግራት ግን ቃል አይወጣትም። የለበሰችው ቀሚስ በላብ ርሶ ሰውነቷ ላይ ተለጥፏል። ግቢው በጩኸት ተሞላ። አንዷ ጎረቤት መጋኛ ነው፣ ጸበል ውሰዷት ትላለች፤ ሌላው ስትሮክ ነው ይላል። ባጃጅ ጠርተን ጤና ጣቢያ አደረስናት።

እዚያ የተቀበለችን ነርስ ከሁሉ በፊት ጣቷን ወግታ ስኳሯን ለካች። 34 አለ፣ በጣም ወርዷል። ወዲያው በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጠቻት። ግሉኮሱ ገብቶ ሳያልቅ እናቴ ዙሪያዋን አየት አየት አድርጋ «ምን ሆኜ ነው?» አለች። አፏም ተመለሰ። እጇ ግን እስከ እኩለ ቀን ድረስ ዝሎ ቆየና ከዚያ ቀስ በቀስ መጨበጥ ጀመረ።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላክን። ሲቲ ስካን ተነሳች፣ ደም አልፈሰሰም፣ ንጹሕ ነው አሉን። ለማረጋገጥ ተብሎ በማግስቱ ኤምአርአይ ተነሳች። የኤምአርአዩ ወረቀት ግን በግራ በኩል፣ በአንጎሏ ውስጥ ኢንተርናል ካፕሱል በሚባለው ቦታ የኋለኛው ክፍል ላይ አዲስ የስትሮክ ምልክት አለ ይላል። ደም እንዳይረጋ አስፕሪን፣ ለኮሌስትሮል ደግሞ አቶርቫስታቲን ዕድሜ ልኳን እንድትወስድ ታዘዘላትና ወደ ቤት መጣን። ስለ ስኳር ኪኒኗ ማንም ምንም አላለንም፤ እንደ ድሮው እየወሰደች ነው።

አሁን ሰላም ናት፣ ቡናም ታፈላለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ስትሮክ ከሆነ እንዴት በግሉኮስ ተመለሰች? ስኳር ማነስ ከሆነ ደግሞ ኤምአርአዩ ላይ የታየው ምንድን ነው? ስኳር በመላ ሰውነት የሚሄድ ነገር ሆኖ ሳለ እንዴት አንድ ጎን ብቻ ይይዛል? አስፕሪኑንስ ትቀጥል? የምታውቁ ንገሩኝ፣ እባካችሁ።

ሲስተር ከድንገተኛ ክፍል፦

እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፋቸው። የፎቶውን ነገር የሚያውቁት ይመልሱልሽ፤ እኔ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ ግሊቤንክላማይዱን። ዛሬውኑ የሚከታተላቸውን ሐኪም አግኙና ንገሩ። የዛሬ ማታዋን ኪኒን ሐኪም ሳያናግሩ አይዋጧት። ነገ ከነገ ወዲያ የሚባል ነገር አይደለም።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ይህ ኪኒን ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ኢንሱሊን አውጣ እያለ የሚገፋ ነው። ሰውየው በላ አልበላ አይጠይቅም። ማታ ተውጦ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ጠዋትም አይለቅም። ከዚያ ላይ ዕድሜ አለ፣ ከዚያ ላይ ጾም አለ፣ ከዚያ ላይ ሆድ ሕመም አለ። ኩላሊት ትንሽ ከደከመ ደግሞ መድኃኒቱ ከሰውነት ሳይወጣ ይከማቻል። እናትሽ ክሬያቲኒን፣ ማለት የኩላሊት የደም ምርመራ፣ ተለክተው ያውቃሉ? ካልተለኩ ይለኩ። ሆድ ሲያም፣ ምግብና ውሃ ሲቀንስ ኩላሊት ይጎዳል፣ የግፊት ኪኒናቸውም በዚያን ጊዜ ኩላሊቱን ሊጫነው ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይመች ጽፎ አስቀምጧል። በዚያው ወገን ካሉት ግሊክላዛይድ ይሻላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳር እንዲህ አያወርድም፣ እሱ ላይ ብዙም አትጨነቂ፤ ኩላሊቱ ግን ለእሱም ይታይ።

ሌላው እኛ ጋ ደጋግሜ ያየሁት፣ በዚህ ኪኒን ስኳሩ የወረደ ሰው ግሉኮስ ወስዶ ነቃ ብሎ ተደስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ማታ እንደገና ይወድቃል። የተሰጠው ግሉኮስ ያልቃል፣ ኪኒኑ ግን ገና ሥራ ላይ ነው። ለዚህ ነው ቢያንስ አንድ ቀን አስተኝተን በየሰዓቱ የምንለካው። እናትሽ ዳግም አለመውደቃቸው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ያቺ ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ ግን ትባረክ። መጀመሪያ ጣት ነው የሚወጋው። ግማሽ ጎኑ የተያዘ፣ አንደበቱ የታሰረ፣ የሚጥለው፣ ሰክሯል ተብሎ የመጣም ቢሆን።

ፊልም አንባቢ፦

ሲስተር ያለችው ይቅደም። ከፎቶው ይልቅ ኪኒኑ አጣዳፊ ነው።

ሥራዬ ሲቲና ኤምአርአይ ማንበብ ስለሆነ የቀረውን ዘርዘር ላድርገው። የእናትሽን ፊልም አላየሁትምና ስለ እርሳቸው የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ያየው ሐኪም ነው፤ የነገርሽን ታሪክ ግን ስንሰማ የምናስበውን ልጻፍልሽ።

ሲቲው ንጹሕ መሆኑ ሁለቱን አይለይም። ሲቲ እንዲህ ላለ ሰው በቅድሚያ የሚነሳው የፈሰሰ ደም እንዳለ ለማየት ነው፤ ደም ካለ ነጭ ሆኖ ወዲያው ይታያል። በደም ሥር መዘጋት የመጣ ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲ ላይ ላይታይ ይችላል። የስኳር ማነስም ብዙውን ጊዜ አይታይም።

ኤምአርአይ ላይ ዲፊዩዥን የሚባል አነሳስ አለ። የሚያየው ውሃ በአንጎል ውስጥ ምን ያህል እንደልቡ እንደሚንቀሳቀስ ነው። የአንጎል ሴል ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ አለው፣ ይህ ፓምፕ ቀን ከሌት ኃይል ይፈልጋል። ኃይል ሲቋረጥ ሶዲየሙ ውስጥ ይቀራል፣ ውሃ ተከትሎት ይገባል፣ ሴሉ ያብጣል፣ ውሃውም መፈናፈኛ ያጣል። ያ ቦታ በዲፊዩዥን ላይ ነጭ ሆኖ ይበራል፣ አብሮት በሚወጣው ኤዲሲ በሚባለው ምስል ላይ ደግሞ ይጠቁራል። አሁን ልብ በይ፤ የደም ሥር ተዘግቶ ደሙ ቢቀርም፣ ደሙ እየደረሰ ስኳር ባይኖረውም ሴሉ ኃይል አጥቶ የሚሆነው አንድ ነው። የቆመን ወፍጮ ከደጅ ሆኖ የሚያይ ሰው ቀበቶው ይበጠስ ናፍጣው ይለቅ አያውቅም። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከሰውነት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን የሚጨርስ፣ የራሱ ስንቅ ግን የሌለው ነው። ስለዚህ ነው ስኳር ሲወርድ ቀድሞ የሚጮኸው።

ታዲያ እንዴት እንለያለን? አንደኛ ነጩ ቦታ የት ነው ብለን እናያለን። ስትሮክ የአንድን ደም ሥር ግዛት ተከትሎ ነው የሚሄደው። ስኳር ማነስ ግዛት አያውቅም፣ ብዙ ጊዜም ግራና ቀኝ ባንድ ላይ ይታያል። የሚወዳቸው ቦታዎች አሉት፦ ኢንተርናል ካፕሱል፣ ከእሱ በላይ ያለው ኮሮና ራዲያታ፣ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ኮርፐስ ካሎሰም የኋለኛው ጫፍ። ከባድ ሲሆን የአንጎል የውጭ ሽፋን፣ በጥልቁ ያሉት ሂፖካምፐስና ቤዛል ጋንግሊያ ይጨመራሉ። በአንጎል መሃል ያለው ታላመስ፣ ግንደ አንጎልና ከኋላ ያለው ሴሬቤለም ግን ብዙውን ጊዜ ይተርፋሉ። ልብ ቆሞ ኦክሲጅን ያጣ ሰው ላይ ታላመስም ሴሬቤለምም ሊመታ ስለሚችል ይህ ጥሩ ፍንጭ ነው። ሁለተኛ ደም ሥሮቹን እናያለን፤ በስኳር ማነስ ክፍት ናቸው።

የእናትሽ ግን አስቸጋሪው ዓይነት ነው። ኢንተርናል ካፕሱል የኋለኛው ክፍል፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ ትንሽ ነጥብ። ይህ ቦታ እጅና እግርን የሚያዙት መስመሮች ተጠጋግተው የሚያልፉበት ነው፤ ትንሽ ነገር ሲነካው ግማሽ ጎን ይዝላል። እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ግፊትና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ትንንሽ ደም ሥሮቻቸው ተዘግተው እውነተኛ ስትሮክ ይይዛቸዋል። ያንን ነጥብ ብቻውን አይቶ ይህ ስትሮክ ነው፣ ይህ ስኳር ነው ብሎ መማል የሚችል ሰው የለም። እኔም አልችልም። ስትሮክ ብሎ የጻፈው ሰው ፎቶው የሚመስለውን ነው የጻፈው።

ፍርዱን የሚሰጠው ታሪኩ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ዊፕል የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ያስቀመጣቸው ሦስት ነገሮች አሉ፣ ዛሬም እንጠቀምባቸዋለን፤ ምልክቱ መኖሩ፣ በዚያው ሰዓት ስኳሩ ዝቅ ብሎ መለካቱ፣ ስኳሩ ሲስተካከል ምልክቱ መሄዱ። እናትሽ ሦስቱንም አሟልተዋል። ላቡም ያስረዳል። ቃል ማጣታቸውም እንዲሁ፤ ካፕሱል ላይ ያለ ትንሽ ነጥብ ብዙውን ጊዜ ምላስ ያስራል እንጂ ቃል አያሳጣም፣ ቃል ማጣት የሚመጣው በአብዛኛው ከውጨኛው ሽፋን ነው፣ እዚያ ደግሞ ፎቶው ምንም አላሳየም። የእጃቸው ዘግይቶ መመለስም አይረብሽሽ። አንዳንዱ በደቂቃ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ሰዓታት ይወስዳል።

ለምን አንድ ጎን ብቻ ላልሽው፣ በሙያው ሁሉ የተስማማበት አንድ መልስ የለም። አንዱ ክፍል ከሌላው ይልቅ ኃይል ማጣትን አይችልም የሚሉ አሉ፤ ድሮውንም የጠበበ ደም ሥር ያለበት ወገን ቀድሞ ይንበረከካል የሚሉም አሉ። ነገሩ መኖሩን ግን ማንም አይጠራጠርም። እንዲህ ካፕሱል ላይ ብቻ የተወሰነ ከሆነ ብዙዎቹ ደህና ይሆናሉ፤ የውጨኛው ሽፋንና ቤዛል ጋንግሊያ በሰፊው የተመታባቸው ናቸው የሚያሳስቡን።

አንድ ነገር እዪልኝ። ወደ ኤምአርአይ ስትላኩ የያዛችሁት ወረቀት ላይ ምን ተጽፏል?

የደባርቁ፦

ዶክተር የጻፉት ጥሩ ነው፤ ግን ሰው ይህን አንብቦ እንዳይዘናጋ እፈራለሁ። አባቴም የስኳር ሕመምተኛ ነው። ጠዋት ግራ ጎኑ ተያዘ፣ ወሰድነው፣ ተለካ፣ 62 ሆነ። ስኳሩ ነው ተባለ። ግሉኮስ ተሰጠው፣ ስኳሩ ወጣ፣ እጁ ግን አልተነሳም። ይመለሳል፣ ጠብቁ፣ ጊዜ ይወስዳል እየተባለ ከሰዓት ሆነ። በኋላ ሌላ ቦታ ሲታይ ለካ ደም ሥሩ ነው የተዘጋው። እስከ ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። የሕክምና ቦታውን ስም አልጠራም፣ ፍርዱን ለላይኛው ትቻለሁ። ግን ስኳር ነው የሚለው ቃል አባቴን ጊዜ አሳጥቶታል። ስኳር ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ስትሮክ ይይዘዋል ይባላል፤ ታዲያ እንዴት ተብሎ ነው በግሉኮስ ተመለሰ ተብሎ አስፕሪን የሚተወው?

ፊልም አንባቢ፦

ወንድሜ፣ አባትህን እግዚአብሔር ያበርታቸው። ያልከው እውነት ነው።

62 ዝቅተኛ ነው፣ ከ70 በታች ነውና። ግን ግማሽ ጎን የሚያሲዘው የስኳር ማነስ ብዙ ጊዜ ከ50 በታች ወርዶ ነው የሚገኘው። ከዚያ በላይ እያለ አንድ ጎን ከተያዘ፣ ይልቁንም ስኳሩ ተስተካክሎ ድካሙ እንዳለ ከቀጠለ፣ ስትሮክ ነው ተብሎ ነው መሮጥ ያለበት። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ተኝቶ የነቃ ሰው ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ የሚቆጠረው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ነው። ስለዚህ ግሉኮሱ ይሰጣል፣ ሲቲውም እንዳይዘገይ ይደረጋል፣ ሁለቱ ባንድ ላይ። ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም።

በነገራችን ላይ ይህን መድኃኒት ከመስጠት በፊት የግድ መታወቅ አለበት የሚባለው የደም ምርመራ ለሁሉም ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ስኳር። ሌላው ምርመራ እንደ ሰውየው ነው። ያለምክንያት አይደለም፤ ስኳሩ ለወረደ ሰው ያንን መድኃኒት ብትሰጠው የማያስፈልገውን የደም መፍሰስ አደጋ ነው የምትጨምርበት።

ስለ አስፕሪኑ፦ እህቴ፣ በራስሽ አታቋርጪው፣ ሐኪሙ ጋ ይዘሽው ሂጂ። ስትሮክ ከነበረ ያስፈልጋል። ካልነበረ በዚህ ዕድሜ ጨጓራም አንጎልም ሊያደማ ይችላል፣ ጥቅሙና ጉዳቱ ይመዘናል። አቶርቫስታቲኑ ግን ስትሮክ ባይኖርም በስኳር ሕመምተኛ ላይ በዚህ ዕድሜ የሚታዘዝ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም።

ኢንሱሊን ወጊ፦

እኔ የአዲስ ዓለም ልጅ ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ኢንሱሊን ነው የምወጋው። ሕክምናውን ዶክተሮቹ ተናግረዋል፣ እኔ የቤቱን ልናገር።

ስኳር ሲወርድ መጀመሪያ ሰውነት ያስጠነቅቃል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ሆድ ይሞረሙራል። እንደ እኔ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ላይ ግን ማስጠንቀቂያው ይደክማል፤ ሳታውቀው ወሬ መቀላቀል፣ መነጫነጭ ትጀምራለህ። ከእኔ በፊት የምታውቀው ሚስቴ ናት። ዓይኔን አይታ ብቻ መለኪያውን ታመጣለች። ስለዚህ እህቴ፣ እናታችን ያለወትሮዋ ዝም ካለች፣ ከተቆጣች፣ ቡናውን ከደፋች፣ ለኪ።

ከ70 በታች ሆኖ መዋጥ ከቻለች፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጫት። ወይም ለስላሳ፣ ግማሽ ጠርሙስ ይበቃል፣ ስኳር አልባውን ግን አይደለም። ማርም ይሆናል። ቸኮሌትና ኬክ ቅባት ስላላቸው ይዘገያሉ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪ፣ ካልወጣ ድገሚ። ከወጣ በኋላ እንጀራም ዳቦም ትብላ፣ አለበለዚያ ይመለስባታል። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አታስገቢ፣ ትን ይላታል፣ በጎን አስተኝተሽ ወደ ሕክምና ሩጪ። ቤት ውስጥ ሕጻናቱም ይወቁት። የእኔ ትንሿ ልጅ ስኳሩ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ታውቃለች።

ጾሙን በተመለከተ፣ እኛም ረመዳን አለን። እኔ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሜ ጋ ሄጄ መጠኑን አስተካክላለሁ። ቀን ላይ ከ70 ከወረደ አፈጥራለሁ፣ አለቀ። ጣት መውጋት ጾም አያፈርስም፣ ይህን እየፈሩ የማይለኩ ሰዎች አውቃለሁ። ከንጋት በፊት የምንበላውን ሱሑርንም አልዘልም። በእናንተም ለታመመ ሰው መላ እንዳለው እገምታለሁ፣ አባቶችን ጠይቁ።

የአዘዞዋ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ያንኑ ዕለት ማታ ኪኒኑን አልሰጠናትም፣ ጠዋት ወደ ሐኪም ሄድን።

ዶክተር፣ ወረቀቱን እይ ያሉኝን አየሁት። ፋይሉ ውስጥ አለ። ወደ ኤምአርአይ የተላክንበት ወረቀት ላይ የተጻፈው ዕድሜዋ፣ ስኳርና ግፊት እንዳለባት፣ ከዚያ «ድንገተኛ የቀኝ ጎን ድካም፣ ስትሮክ?» ብቻ ነው። 34 የሚለው ቁጥር የለም። ግሉኮስ ተሰጥቷት መመለሷም የለም። 34 የተጻፈው በጤና ጣቢያዋ ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው፣ በእስክሪብቶ፣ ሰዓቱ ሁሉ ሳይቀር፣ ንጋት 12፡20። ያቺ ቁራጭ ወረቀት የእህቴ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፋ ነበር። ማንም አልጠየቀንም፣ እኛም ለፎቶ ሐኪም ይጠቅማል ብለን አላሰብንም።

አዲሱ ሐኪም ቁራጯን ሲያይ ደጋግሞ አነበባት። ከዚያ ከኤምአርአዩ ሲዲ ጋር ለሬዲዮሎጂስት ላከልን። ተመልሶ የመጣው ንባብ ደም ሥሮቹ ክፍት ናቸው፣ ከታሪኩ ጋር ሲታይ በስኳር ማነስ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ከሳምንታት በኋላ ተደግሞ ቢታይ ይረዳል ይላል። የኩላሊት ምርመራዋ ደከም ብሎ ተገኘ። ግሊቤንክላማይዱ ቆመ። ሜትፎርሚኑ መጠኑ ተቀነሰ። የ3 ወር ስኳሯ ሲታይ ደግሞ ጭራሽ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው፤ በእሷ ዕድሜ ያን ያህል ማውረድ አያስፈልግም፣ የ3 ወሩ 8 በመቶ አካባቢ ቢሆን አይጎዳትም አለን። አስፕሪኑን እስከ ቀጠሮዋ ትቀጥል ብሏል።

ጾሙ ላይ ትልቅ ክርክር ነበር። እናቴ እኛን አልሰማችም። ንስሐ አባቷን ቤት ድረስ ለምነን አመጣናቸው፣ እሳቸው ሲናገሩ ዝም አለች። ምግቧ የጾም ሆኖ በሰዓቱ እንድትበላ ፈቀዱላት። ቅዳሴ መቅረቱ ግን ከበሽታው ይልቅ ከብዷታል፣ እሱን አልደብቃችሁም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሁለተኛው ኤምአርአይ የግድ ነው? ገንዘቡ ከባድ ነው፣ ለመጀመሪያው የተበደርነውን ገና አልከፈልንም።

ሲስተር ከድንገተኛ ክፍል፦

ኪኒኑ መቆሙን ሰምቼ እፎይ አልኩ። ያቺን ቁራጭ ወረቀት እንዳትጥሏት፣ ፎቶ አንሺያትና ስልክሽ ላይ ይኑር። እኛ የጤና ባለሙያዎችም ከዚህ የምንወስደው አለን፤ ስንልክ ቁጥሩን እንጻፍ። ሰዓቱን፣ ከግሉኮስ በፊት ስንት፣ ከግሉኮስ በኋላ ስንት፣ መቼ ተመለሱ። ሁለት መስመር ነው።

ፊልም አንባቢ፦

ስለ ሁለተኛው ኤምአርአይ። ጥቅሙ ይህ ነው፦ በስኳር ማነስ የመጣ ነጭ ነጥብ ሴሉ ካልሞተ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ስኳሩ በተስተካከለ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይጠፋል። በስትሮክ የሞተ ቦታ ግን ከሳምንታት በኋላም ጠባሳ ይተዋል፣ ፍሌር በሚባለው አነሳስ ይታያል። ስለዚህ ነጥቡ ጭራሽ ከጠፋ ስኳር ነው ወደሚለው እናዘነብላለን፣ አስፕሪኑንም ለማቆም ሐኪሙ ድፍረት ያገኛል። ጠባሳ ከቀረ ደግሞ አሁንም አይለይም፣ በጣም የወረደና የቆየ የስኳር ማነስም ጠባሳ ሊተው ይችላልና። በዚያን ጊዜ እንደ ስትሮክ ቆጥሮ አስፕሪኑን መቀጠል ይመረጣል።

ግን ብድር ላይ ብድር ጨምሩ አልልሽም። ምርጫው ከኤምአርአዩና ከስኳር መለኪያው ከሆነ መለኪያውንና ስትሪፑን ግዙ። ጠዋት ከምግብ በፊትና ማታ ከመተኛት በፊት ይለኩ፣ ደብተር ላይ ይጻፍ። የልብ ምታቸው በኢሲጂ፣ የአንገት ደም ሥራቸውም በአልትራሳውንድ ካልታየ ይታይ፤ ሁለቱም ከኤምአርአይ በብዙ ይረክሳሉ፣ እውነተኛ ስትሮክ ሊያመጣ የሚችል ነገር ካለም ይናገራሉ። እነሱ ደህና ከሆኑ ኤምአርአዩ ገንዘብ እስኪገኝ ይቆይ፣ ጠባሳ የሚፈለግ ስለሆነ ዘግይቶ ቢነሳም መልሱ ይገኛል። ሲነሳ ታዲያ አሮጌውን ሲዲና ቁራጯን ወረቀት አብራችሁ አስረክቡ።

የአዘዞዋ ልጅ፦

እሺ ዶክተር። መለኪያውን ትናንት ከፒያሳ ገዝተናል፣ ዛሬ ጠዋት 118 ነበር። ኢሲጂውን ለቀጠሮዋ እጠይቃለሁ።

የደባርቁ፦

እህቴ፣ ደብተሩ ላይ የበላችውንም ጻፊ፣ ኪኒኗን የዋጠችበትን ሰዓትም። ለአባቴ እንዲያ ነው የምናደርገው፣ ሐኪሙ ከሁሉ ቀድሞ እሱን ነው የሚጠይቀን።